የአይጥ መድኃኒት፣ የሰው መድኃኒት

«መድኃኒት» የሚለውን ቃል ወደ ሥሩ ብንመልሰው ከግእዙ «ድኅነ» ላይ እንደርሳለን፤ ዳነ፣ ተረፈ ማለት ነው። ድኅነት፣ መድኃኔ ዓለም፣ በኢንሹራንስ ቢሮ በር ላይ የምናነበው «መድን» ሳይቀር ከዚሁ ሥር የበቀሉ ናቸው። በሥሩ ከሄድን መድኃኒት የሚያድን ነገር ነው። የገበያው አማርኛ ግን ከዚህ ያፈነግጣል። ሱቅ ገብቶ «የአይጥ መድኃኒት አለ?» የሚል ሰው አይጧን ሊያክም አይደለም። ገበሬው «መድኃኒት ረጨሁ» ሲል ተባዩን ፈጀሁ ማለቱ ነው። «መድኃኒት አበሉት» ሲባልም ተፈወሰ ብሎ የሚረዳ የለም። ግሪኮችም እንዲሁ ነበሩ፤ ፋርማሲ የተገኘበት «ፋርማኮን» ፈውስንም መርዝንም በአንድ ቃል ይጠራ ነበር።

ይህ ድርብ ትርጉም በአንድ ሞለኪውል ላይ የተገናኘበት ጊዜ አለ። ሞለኪውሉ ዋርፋሪን ነው፤ መጀመሪያ የአይጥ መድኃኒት፣ ቀጥሎ የሰው መድኃኒት ሆነ። የስሙን ዱካ ስንከተል ከደቡብ አሜሪካ ደን ተነስተን የሰውና የአይጥ ጉበት ጎን ለጎን የሚመረመርበት ኮምፒውተር ዘንድ እንደርሳለን። (ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ኩማሪን፣ ዋርፋሪን

በጉያና ደኖች የሚበቅለውን አንድ ትልቅ ዛፍ የአገሬው ሰዎች «ኩማሩ» ይሉታል። ፈረንሳዮች ቃሉን እንደሰሙት ወሰዱት። የዛፉ ዘር ሲደርቅ አዲስ የታጨደ ሣር የመሰለ ጣፋጭ ሽታ አለው። በ1820 ፈረንሳዊው የፋርማሲ ሊቅ ጊቡር ሽታውን የሚሰጠውን ነጭ ክሪስታል ከዘሩ ለይቶ በዛፉ ስም «ኩማሪን» አለው። ኩማሪን በብዙ ተክሎች ውስጥ አለ፤ «ካሲያ» በሚባለው የቀረፋ ዓይነት ውስጥም በብዛት ይገኛል።

ሜሊሎት በሚባል የከብት መኖ ውስጥም አለ። በ1920ዎቹ በካናዳና በሰሜናዊ ዩናይትድ ስቴትስ ሜዳዎች የሻገተ ሜሊሎት የበሉ ከብቶች ደማቸው አልረጋ እያለ ያልቁ ነበር። በ1933 ክረምት አንድ የዊስኮንሲን ገበሬ የሞተች ጊደሩንና ያልረጋ ደሟን በዕቃ ይዞ ባዮኬሚስቱ ካርል ፖል ሊንክ ወደሚሠራበት ላቦራቶሪ መጣ። የሊንክ ቡድን ጥፋተኛውን ለይቶ ለማውጣት ዓመታት ፈጀበት። ሻጋታው ኩማሪኑን ወደ ሌላ ነገር፣ ወደ ዳይኩማሮል፣ ለውጦት ነበር። ከዚያ በኋላ ቡድኑ በአምሳሉ ከሠራቸው ሞለኪውሎች አንዱ በ1948 ለአይጥ ማጥፊያነት ገበያ ላይ ዋለ። የምርምሩን ወጪ የሸፈነው የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ የቀድሞ ተማሪዎች የምርምር ፋውንዴሽን ነበር፤ የእንግሊዝኛ ስሙ የመጀመሪያ ፊደላት ሲገጣጠሙ «ዋርፍ» ይላሉ። ከኩማሪን ጅራት «አሪን» ተወስዶ ተቀጠለበትና «ዋርፋሪን» ተባለ። ግማሹ የገንዘብ ሰጪው፣ ግማሹ የዛፉ ስም ነው።

በ1954 ዋርፋሪን ለሰው ተፈቀደ። በማግስቱ ዓመት የልብ ሕመም የያዛቸው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ወሰዱት። ዛሬም ሰው ሠራሽ የልብ ቫልቭ የተገጠመለት ሰው ደሙ እንዳይረጋበት ይወስደዋል። እዚህ ላይ መርዙን ከመድኃኒቱ የሚለየው መጠኑና የሐኪም ክትትሉ ነው።

የአያቱ የኩማሪን ጉዳይ ግን ሌላ ነው። ዋርፋሪን ለሰው በተፈቀደበት በዚያው በ1954 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን ኩማሪን በምግብ ላይ እንዳይጨመር ከለከለ፤ በላቦራቶሪ እንስሳት ላይ ጉበት ሲጎዳ ታይቶ ነበርና። በኋላ እንደታወቀው የአይጠ መጎጥ ጉበት ኩማሪንን የሚሰብረው በአብዛኛው ጎጂ ውጤት በሚያስከትል መንገድ ነው። የአብዛኛው ሰው ጉበት ደግሞ በሞለኪውሉ ሰባተኛ ካርቦን ላይ አንድ ኦክስጅንና አንድ ሃይድሮጅን ለጥፎ በሽንት ያስወጣዋል። አንዱ ሞለኪውል ሁለት ጉበት ሲያገኝ ሁለት ዕጣ ይገጥመዋል። ልዩነቱን የሚፈጥሩት ኢንዛይሞች ናቸው።

ኢንዛይም

ቃሉን በ1877 በጽሑፍ ያስተዋወቀው በሃይደልበርግ ያስተምር የነበረው ቪልሄልም ኩነ ነው። በግሪክኛ «ኤን ዚሜ» ማለት «በእርሾ ውስጥ» ነው። «ዚሜ» በግሪኩ ወንጌል ሴቲቱ በዱቄት ውስጥ የሸሸገችው እርሾ ነው። አፍራሽ «አ» ከፊቱ ሲገባ «አዚማ» ይሆናል፤ ያልቦካ፣ እኛ በቂጣ በዓል የምናውቀው።

ኩነ አዲስ ቃል ያስፈለገው ሙግት ስለነበረ ነው። ሉዊ ፓስተር መብላላት የሕያዋን ሥራ ነው፤ እርሾው በሕይወት ከሌለ መብላላት የለም ባይ ነበር። ሌሎች ደግሞ ነገሩ ኬሚስትሪ ብቻ ነው ይሉ ነበር። በጨጓራ ውስጥ ሥጋ የሚፈጨው ፔፕሲን ግን ሕያው ነገር ሳይኖርበት በብልቃጥ ውስጥም ይሠራል። ኩነ ለእነ ፔፕሲን የተለየ ስም በመስጠት ሁለቱን ጎራ አለያየ። ከሃያ ዓመት በኋላ፣ በ1897፣ ኤድዋርድ ቡክነር እርሾን ከአሸዋ ጋር ደቁሶ ጭማቂውን ጨመቀና ስኳር ጨመረበት። አንድ ሕያው ሕዋስ የሌለበት ጭማቂ ይፍለቀለቅ ጀመር። በ1907 የኖቤል ሽልማት ያስገኘለት ይህ ሥራ ነው። ቃሉ የተፈጠረለት ድንበር ፈረሰ፤ ቃሉ ግን ቀረ።

የኢንዛይሞች ስም ጅራት ከዚህም ይቀድማል። በ1833 ፓዬንና ፔርሶ የተባሉ ፈረንሳውያን ኬሚስቶች ከገብስ ብቅል ውስጥ ስታርችን ወደ ስኳር የሚለውጥ ነገር ለይተው «ዲያስታዝ» አሉት፤ ከግሪኩ «መለያየት» ነው። በኋላ የመጨረሻው ክፍለ ቃል ብቻውን ተቆርጦ የአብዛኛው ኢንዛይም ምልክት ሆነ፤ ሊፔዝ፣ ላክቴዝ፣ ፕሮቲዬዝ። ጠላ ጠማቂ ሁሉ የሚያውቀው ብቅል በብዙ ኢንዛይሞች ስም መጨረሻ ላይ አለ ማለት ነው።

ሳይቶክሮም ፒ450

መድኃኒት የሚለውጡት የጉበት ኢንዛይሞች ትልቁ ቤተሰብ ግን የ«ኤዝ» ጅራት የለውም። ስሙ ሳይቶክሮም ፒ450 ነው። «ኪቶስ» በግሪክ ውስጡ ባዶ ዕቃ ነው፤ ሳይንስ ለሕዋስ ተበደረው። «ክሮማ» ቀለም ነው። በ1925 ካምብሪጅ ውስጥ ዴቪድ ኬይሊን የነፍሳትን ጡንቻና እርሾን ብርሃን በሚበትን መሣሪያ ሲያይ ጥቁር መስመሮች ተመለከተ። ኦክስጅን ሲያጥር መስመሮቹ ይታያሉ፤ ኦክስጅን ሲገባ ይጠፋሉ። ብረት የያዙትን እነዚህን ፕሮቲኖች «የሕዋስ ቀለም» ሲል ሳይቶክሮም አላቸው። እንደ እውነቱ መስመሮቹን በ1880ዎቹ ማክመን የሚባል ሐኪም አይቷቸው ነበር፤ የዘመኑ ታላቅ ኬሚስት ሆፕ ሳይለር ስላጣጣለው ግን ነገሩ ለአርባ ዓመት ተዳፍኖ ቆየ።

«ፒ450» የመጣው በ1958 ነው። ፊላዴልፊያ ውስጥ ክሊንገንበርግ ከጉበት ሕዋስ በተዘጋጀ ፈሳሽ ላይ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሲያነፍስበት ያልተለመደ ነገር ታየ። ብረት ያዘል ፕሮቲን ከዚህ ጋዝ ጋር ሲገናኝ ብርሃን የሚመጠው አብዛኛውን ጊዜ 420 ናኖሜትር አካባቢ ነው፤ ይኸኛው 450 ላይ መጠጠ። በ1962 ጃፓናውያኑ ኦሙራና ሳቶ ነገሩ በእርግጥ ሳይቶክሮም መሆኑን አሳይተው ለጊዜው «ፒ450» አሉት፤ «ፒ» ቀለም ሰጪ ማለት ነው፤ 450 የብርሃኑ ልኬት። ምን እንደሚሠራ ገና አልታወቀም ነበር። «ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይባላል፤ ይህን ስም ያወጣው ግን የመለኪያ ንባብ ነው። ኢንዛይሙ ስቴሮይዶችንና መድኃኒቶችን እንደሚለውጥ ሲታወቅ ጊዜያዊው ስም ቋሚ ሆኖ ነበር።

2ኤ5፣ 2ኤ6

ፒ450 አንድ ሳይሆን ብዙ መሆኑ ሲገለጥ የስም ትርምስ መጣ። እያንዳንዱ ላቦራቶሪ የራሱን ስም ይሰጥ ነበር። በ1987 በዳንኤል ኔበርት የተመራ ቡድን ሥርዓት አበጀለት። ሥርዓቱ የኢንዛይሙን ሥራ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ፕሮቲኑን የሠሩት አሚኖ አሲዶች ቅደም ተከተል ምን ያህል እንደሚመሳሰል ነው። ከ40 በመቶ በላይ ከተመሳሰሉ አንድ ቤተሰብ ናቸው፤ አንድ ቁጥር ይጋራሉ። ከ55 በመቶ በላይ ከሆነ ንኡስ ቤተሰብ ናቸው፤ ፊደል ይጋራሉ። የመጨረሻው ቁጥር የግል ነው። የሰው ልጅ እንዲህ የተሰየሙ 57 ጂኖች አሉት። ኩማሪንን ሰባተኛው ካርቦን ላይ የሚነካው የሰው ኢንዛይም 2ኤ6 ነው፤ ኒኮቲንንም የሚሰብረው እሱ ነው። በትንሿ የላቦራቶሪ አይጥ ጉበት ውስጥ የኩማሪኑን ሥራ የሚሠራው 2ኤ5 ይባላል። ከጎኑ ደግሞ 2ኤ4 አለ።

ኦርቶሎግ፣ ፓራሎግ

በጂኖች መካከል ያለውን ዝምድና ለመጥራት በ1970 ዋልተር ፊች ሁለት ቃላት ሠራ። ክፍሎቻቸው ለቤተ ክርስቲያን አንባቢ እንግዳ አይደሉም። «ኦርቶስ» ቀጥ ያለ ማለት ነው፤ ከኦርቶዶክስ እናውቀዋለን። «ፓራ» አጠገብ ማለት ነው፤ የጰራቅሊጦስ የመጀመሪያ ክፍል ነው፤ አጠገብ እንዲቆም የተጠራ። አንድ የጥንት ጂን ዝርያዎች ሲለያዩ አብሯቸው ተለያይቶ በሰውም በአይጥም ውስጥ ከቀረ ሁለቱ ኦርቶሎግ ናቸው። ጂኑ በአንድ ዝርያ ውስጥ ራሱን ደግሞ ቅጂው አጠገቡ ከቆመ ፓራሎግ ናቸው። በዚህ አነጋገር የሰው 2ኤ6 እና የአይጥ 2ኤ5 ኦርቶሎግ፣ የአይጥ 2ኤ5 እና 2ኤ4 ፓራሎግ ናቸው።

እንግዲህ እንቁጠር። 2ኤ4 እና 2ኤ5 እያንዳንዳቸው 494 አሚኖ አሲድ አላቸው፤ የሚለያዩት በ11 ቦታ ብቻ ነው። የአይጡ 2ኤ5 ከሰው 2ኤ6 ጋር ግን በብዙ አሥር ቦታዎች ይለያያል። በቆጠራ ከሆነ 2ኤ5 ሥራውን መጋራት የነበረበት ከ2ኤ4 ጋር ነበር። እውነቱ ተገላቢጦሽ ነው፤ 2ኤ4 የሚነካው ስቴሮይድ ነው፤ ኩማሪንን የሚጋሩት ሩቆቹ ናቸው። በ1989 ሊንድበርግና ኔጊሺ በኩማሪኑ ኢንዛይም 209ኛ ቦታ ላይ ያለውን ፌኒልአላኒን አውጥተው ሉሲን ተኩበት። በዚያ አንድ ለውጥ ኢንዛይሙ ኩማሪኑን ትቶ ወደ ስቴሮይድ ዞረ።

ስለዚህ የእነዚህ ኢንዛይሞች ስም የሚነግረን ዘራቸውን ነው። ሥራቸውን የሚወስነው ሞለኪውሉን የሚቀበለው ጎድጓዳ ቦታ ቅርጽ ነው፤ እሱ ደግሞ በጥቂት አሚኖ አሲዶች ሊለወጥ ይችላል። ከእንስሳ ወደ ሰው መድኃኒት ለማሻገር የሚፈልግ ሰው ስም ቆጥሮ ማለፍ የማይችለው ለዚህ ነው።

ጂን ራሱን ደግሞ አጠገብ ለአጠገብ የመቆሙ ነገር የሩቅ ዘመን ታሪክ ብቻ አይደለም። በ1996 እሌኒ አክሊሉና የሥራ ባልደረቦቿ ባወጡት ጥናት ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን 29 በመቶው 2ዲ6 የተባለውን ጂን ከተለመደው ቁጥር በላይ ደጋግመው ይዘው ተገኝተዋል። 2ዲ6 የሕመም ማስታገሻውን ኮዴይን ወደ ሞርፊን የሚለውጥ ኢንዛይም ነው። ቅጂው የበዛለት ሰው በተለመደው መጠን ከሚጠበቀው በላይ ሞርፊን ሊያመነጭ ይችላል። ለሌላው ማስታገሻ የሆነው ለእሱ አደጋ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ልዩነት ለማግኘት እስከ አይጥ መሄድ አያሻም።

ሊጋንድ፣ ሞዴል፣ ዶኪንግ

ከኢንዛይም ጋር የሚያያዘው ሞለኪውል «ሊጋንድ» ይባላል። ከላቲኑ «ሊጋሬ»፣ ማሰር፣ የመጣ ነው፤ በኬሚስትሪ ውስጥ ያስገባው በ1916 ጀርመናዊው አልፍሬድ ሽቶክ ነው። «ሞዴል» ደግሞ ከላቲኑ «ሞዱሉስ»፣ ትንሽ መለኪያ፣ በጣልያንኛ በኩል ዞሮ መጥቷል። አማርኛ ሞዴልን በብዙ መልኩ ተቀብሎታል፤ ሞዴል አርሶ አደር አርአያ ነው፤ በንብረት ክፍል ሞዴል 19 የገቢ ደረሰኝ ነው። ኢንዛይምን በኮምፒውተር ለሚያጠናው ሙያ የሚቀርበው ግን ተማሪ የሚያውቀው ሞዴል ፈተና ነው። ከዋናው ፈተና በፊት ይወሰዳል፤ የት እንደምንወድቅ ያሳያል፤ ውጤቱ ግን በሰርተፊኬት ላይ አይጻፍም።

አንዱን ሞዴል ጠጋ ብለን እንይ። በፊንላንድ ኩኦፒዮ ያሉ ተመራማሪዎች በ2001 የአይጡን 2ኤ5 እና የሰውን 2ኤ6 አነጻጽረው አሳትመዋል። መነሻው ሙከራ ነው። ኢንዛይሙ ኩማሪንን ሲለውጥ የሚወጣው ነገር አምቤሊፌሮን ይባላል፤ ድንብላልና እንስላል ካሉበት የተክል ቤተሰብ የላቲን ስም የተወሰደ ነው፤ የቤተሰቡ አበቦች እንደ ጥላ ስለሚዘረጉ «ጥላ ያዥ» ማለት ነው። አምቤሊፌሮን በአልትራቫዮሌት ብርሃን ሲመታ ሰማያዊ ያበራል። ሌላ ሞለኪውል ሲጨመርና ቦታውን ሲሻማ ብርሃኑ ይደክማል። ብርሃኑን ለማዳከም የሚያስፈልገው መጠን ትንሽ ከሆነ ሞለኪውሉ በኃይል ተያይዟል ማለት ነው። ይህ ለአይጡም ለሰውም ኢንዛይም ይለካል፤ አንዳንዱ ሞለኪውል አንዱን አጥብቆ ይይዝና ሌላውን ላላ አድርጎ ይይዛል።

ከዚያ በኋላ ኮምፒውተሩ ይገባል። ሞለኪውሎቹ በባለ ሦስት ልኬት ስፍራ እርስ በርስ ይደራረባሉ፤ ዙሪያቸው በእኩል ርቀት በተተከሉ ነጥቦች ይሞላል። በእያንዳንዱ ነጥብ ላይ አንድ ፈታሽ አቶም ይቀመጥና ሁለት ነገር ይሰላል፤ ሞለኪውሉ ቦታ ምን ያህል አጣቦበታል፣ በኤሌክትሪክ ምን ያህል ይስበዋል ወይም ይገፋዋል። በሺህ የሚቆጠሩት ቁጥሮች ከብርሃኑ ልኬት ጋር ይገናዘቡና ካርታ ይወጣል፦ እዚህ ጋ ሞለኪውሉ ቢወፍር መያያዙ ይጠነክራል፤ እዚያ ጋ ቢወፍር ይላላል። የአይጡ ካርታና የሰው ካርታ ሲተያዩ የሁለቱ ጎድጓዳ ቦታ የት የት እንደሚለያይ ኢንዛይሙን ራሱን ሳያዩ መገመት ይቻላል።

ኢንዛይሙን ማየት ቀላል አልነበረም። በ1985 ቶማስ ፖውሎስና ባልደረቦቹ ቅርጹን ያወጡለት የመጀመሪያው ፒ450 ካምፎር ከሚመገብ የአፈር ባክቴሪያ የተገኘ ነው። የእኛዎቹ በሕዋስ ሽፋን ውስጥ ተሰክተው ስለሚኖሩ ክሪስታል አልሆን ብለው አስቸገሩ። ተመራማሪዎች በሽፋኑ ላይ የሚሰካውን ጫፍ ቆርጠው በ2000 የጥንቸልን 2ሲ5 አወጡ። እስከዚያ ድረስ የሰው ኢንዛይም ሞዴል ሲሠራ የሚኮረጀው በአብዛኛው ከባክቴሪያው፣ ከሩቅ ዘመድ፣ ነበር። በ2003 የሰው 2ሲ9 ቅርጽ ወጣ፤ ውስጡ የተቀመጠው ሊጋንድ ዋርፋሪን ነበር። ኢንዛይሙ ሊነካው የሚገባው ቦታ ግን ሥራው ከሚከናወንበት ብረት በ10 አንግስትሮም ግድም ርቆ ተገኘ፤ ለሥራው በጣም ሩቅ ነው። ሞለኪውሉ ተያይዟል፤ ለመለወጥ ግን አልተመቻቸም። መያያዝና መለወጥ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ሞዴል ሠሪው ከዚህ ይማራል። በ2005 የ2ኤ6 ቅርጽ ከነኩማሪኑ ሲወጣ ጎድጓዳው ጠባብና በፌኒልአላኒኖች የታጠረ ሆኖ ተገኘ፤ እንደ ኩማሪን ያለ ትንሽና ጠፍጣፋ ነገር የሚስማማው ለዚህ ነው።

ቅርጹ ከተገኘ በኋላ ሞለኪውልን በኮምፒውተር ወደ ጎድጓዳው ማስገባት «ዶኪንግ» ይባላል። «ዶክ» መርከብ የሚቆምበት የወደብ ገንዳ ነው፤ ቃሉ ከደች መርከበኞች የመጣ ነው። በ1966 ጀሚናይ 8 በጠፈር ላይ ከሌላ መንኮራኩር ጋር ስትገጣጠም ቃሉ ሰማይ ወጣ። በ1982 የሳን ፍራንሲስኮው ኧርዊን ኩንትዝና ባልደረቦቹ ጎድጓዳውን በሉሎች ሞልተው የሞለኪውሉን አቶሞች ከሉሎቹ መሐል ጋር የሚያጣጥም ፕሮግራም ጻፉ፤ ስሙንም «ዶክ» አሉት።

ኢን ሲሊኮ

ይህ ሁሉ የሚሠራበት ስፍራ የራሱ ስም አለው። በሕያው አካል ውስጥ የሚደረግ ሙከራ «ኢን ቪቮ»፣ በብልቃጥ የሚደረገው «ኢን ቪትሮ» ነው፤ ሁለቱም ላቲን ናቸው። በ1980ዎቹ መጨረሻ ሜክሲኳዊው ፔድሮ ሚራሞንቴስ የኮምፒውተሩን ሙከራ «ኢን ሲሊኮ» አለው፤ በሲሊከን ውስጥ ለማለት። የላቲን ሰዋስው አዋቂ «ኢን ሲሊኪዮ» መባል ነበረበት ብሎ ይቆጣል፤ ቃሉ ግን ጸድቋል።

የሦስቱ ቅደም ተከተል የታወቀ ነው፦ ከሲሊከን ወደ ብልቃጥ፣ ከብልቃጥ ወደ ሕያው አካል። የመጨረሻው ላይ የማን አካል የሚለው ጥያቄ ይመጣል። የአማርኛ ዜና «በአይጥ ላይ ተሞክሮ ውጤት አሳየ» ሲል አይጧን ይሁን አይጠ መጎጡን አይለይም። በኩማሪን ጉዳይ ልዩነቱ የጉበት መጎዳትና አለመጎዳት ነበር። ስለዚህ እንዲህ ያለ ዜና ያነበበ ሰው ሁለት ነገር ቢጠይቅ ተገቢ ነው፤ የትኛዋ አይጥ ናት? መድኃኒቱን የሚለውጠው ኢንዛይሟስ ከእኛው ጋር የሚዛመደው በስም ብቻ ነው ወይስ በሥራም?